ለወፍ አደን የጥይት ፍሬ እንዴት ይመረጣል?

ጥይት ከመግዛትዎ በፊት አራት ኪሎ ይሂዱ። በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የደረቁ ወፎች ቆመዋል። ሊያድኑ ያሰቡትን ወፍ ወይም የቅርብ ዘመዱን ፈልገው መጠኑን በዓይንዎ ይያዙ። የፍሬ፣ ማለትም በጥይቱ ውስጥ ያሉት ከእርሳስ ማዕድን ወይም ከብረት የተሠሩ ትናንሽ ድብልብሎች፣ ምርጫ የሚጀምረው ከወፉ እንጂ ከጥይት ሳጥኑ አይደለም። እግረ መንገድዎን የፈቃዱንም ነገር ይጨርሱ፤ ያለ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ አደን የለም፣ መሣሪያውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተፈቀደ መሆን አለበት።

ቀጥሎ በሳጥኑ ላይ ያለውን የፍሬ መጠን ቁጥር ማንበብ ይማሩ። እኔ በጀማሪነቴ 9 ቁጥር ከ4 የሚበልጥ መስሎኝ ጅግራ ላይ ተኩሼበታለሁ። ላባ በተነ፤ ወፏ ግን ቆስላ ጫካ ገባች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ቁጥሩን ከ17 ይቀንሱ፣ የሚቀረው የፍሬው ስፋት በኢንች መቶኛ ነው። 6 ቁጥር 0.11 ኢንች፣ ማለትም 2.8 ሚሊሜትር ይሆናል። የእንግሊዞቹ 6 ቁጥር ግን 2.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሚሊሜትር ይመኑ። ካልተጻፈ አሥር ፍሬ በተማሪ ማስመሪያ ላይ ይደርድሩና ርዝመቱን ለአሥር ያካፍሉ።

አሁን ፍሬውን ከወፉ ጋር ያገናኙ። ለድርጭትና ለዋኖስ 8 ቁጥር (2.3 ሚሊሜትር) ይበቃል። ለቆቅ 7½ ወይም 6 ይሁን፤ ከቅርብ ከተነሣች 7½፣ ርቃ የምትነሣ ከሆነ 6። ጅግራ ከኪሎ በላይ የምትመዝን ጠንካራ ወፍ ናትና 5 ወይም 4 ይምረጡላት። ከቆቆች መካከል በአባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ የምትኖረው የሀርውድ ቆቅ ብርቅዬ ስለሆነች ለይተው ይወቋት፣ አይንኳትም።

ትልቅ ፍሬ ሁልጊዜ ይሻላል ብለው እንዳይሳሳቱ። 32 ግራም እርሳስ በ8 ቁጥር ወደ 460 ፍሬ፣ በ6 ወደ 250፣ በ4 ደግሞ ወደ 150 ይሆናል። ፍሬው ሲተልቅ በመካከሉ ክፍተት ይበዛል፤ ያኔ ነው «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» የሚሆነው። ሲያንስ ደግሞ ወፉን በብዙ ቦታ ይነካና አይጥለውም፤ የተረፈው ወጥ ውስጥ ጥርስዎን ይጠብቃል።

ለዳክዬ ሌላ ሕግ አለ። እርሳስ የውሃ ወፎችን ስለሚመርዝ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለውሃ ወፎች አደን ከልክላዋለች። ምትኩ አረብ ብረት ነው፤ ከእርሳስ ስለሚቀል ሁለት ቁጥር ያህል ወረድ ይበሉ። በእርሳስ 4 ይበቃ የነበረው በብረት 2 ይሆናል።

የመጨረሻው ሥራ ከከተማ ውጭ፣ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ ይሠራል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሰፊ ወረቀት ይግዙና ባለ 75 ሴንቲሜትር ክብ ይሣሉ፤ በመሐሉ የወፉን ገላ በትክክለኛ መጠኑ ይንደፉ። በሚያድኑበት ርቀት፣ ለምሳሌ በ35 ሜትር፣ ይተኩሱበትና በሥዕሉ ውስጥ የገቡትን ቀዳዳዎች ይቁጠሩ። በየጊዜው አራት ወይም አምስት ከተገኙ ምርጫዎ ልክ ነው። ከዚያ ካነሱ ፍሬውን ከመቀየርዎ በፊት የአፈሙዙን ማጥበቢያ ይቀይሩ፤ እርሱም ካልረዳ ወደ 25 ሜትር ቀረብ ብለው እንደገና ይሞክሩ።