ከዋጋው በፊት ግራሙን እዩ
የአንድ ዕቃ ዋጋ አልጨመረም ማለት ዕቃው አልተወደደም ማለት አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ዋጋውን ሳይነኩ መጠኑን ይቀንሳሉ። 500 ግራም የነበረው የዱቄት ሳሙና 450 ከሆነ፣ በዚያው ዋጋ ስትገዙት 11 በመቶ ገደማ ተወዶባችኋል። ካርቶኑ ቁመቱም ቀለሙም ያው ነው፤ የቀነሰው የጎኑ ውፍረት ስለሆነ መደርደሪያ ላይ ፊት ለፊት ሲያዩት አያስታውቅም። የለመድኩትን የሎሽን ጠርሙስ ገልብጬ ሳየው ታቹ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ በጣም ነው ያናደደኝ! ስለዚህ ዋጋውን ለግራሙ ወይም ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉት፣ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ትልቁ እሽግ ሁሌ ይረክሳል ብላችሁም አትመኑ፣ እሱንም አካፍሉት። አሮጌውን እሽግ ደግሞ አዲሱን ሳትገዙ አትጣሉት፤ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ግራሙን አስተያዩ።