የገደል ላይ የባሕር ወፍ እንዴት ይቆጠራል?

እንግሊዝ አገር፣ በዮርክሸር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቤምፕተን የሚባል ገደል አለ። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ከፍታው 100 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሥሩ የሰሜን ባሕር ነው። ከጸደይ እስከ መጸው መግቢያ ድረስ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የባሕር ወፍ ይሰፍርበታል። ገና ጫፉ ጋ ሳትደርሱ ጩኸቱና የኩሱ ሽታ ይቀበላችኋል።

ይህን ሁሉ ወፍ ቁጭ ብለው የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ቦታውን የሚያስተዳድረው አርኤስፒቢ የተባለው የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ነው፤ የእሱ ጠባቂዎችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚቆጥሩት። ሥራው ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ የሚማረው ነው። ብሪታንያ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ እናንተም በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ልትገቡበት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆጠራ ዋጋ የሚኖረው በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሠራ ነው። ዘንድሮ ጠዋት፣ አምና ማታ፣ ካቻምና ከሌላ ቦታ ሆኖ የተቆጠረ ቁጥር እርስ በርሱ አይወዳደርም። ከዚህ በታች ያለው ደንብ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ወፎቹን ለዩ

ቤምፕተን ላይ በብዛት የምታገኟቸው ስድስት ናቸው።

ጊልሞት ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩ ቀጭንና ሹል ነው። እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዳንዱ ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበትና ወደ ኋላ የምትሄድ ነጭ መስመር አለው፤ ሌላ ዝርያ እንዳይመስላችሁ፣ እሱም ጊልሞት ነው። ሬዘርቢል ይመስለዋል፤ ግን ጠቆር ያለ ነው፣ ምንቃሩም ወፍራምና ደነዝ ሆኖ ነጭ መስመር አለበት። ከሩቅ ጀማሪን በጣም የሚያሳስቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁልጊዜ ምንቃራቸውን እዩ።

ኪቲዌክ ጀርባው ግራጫ፣ እግሩ ጥቁር፣ የክንፉ ጫፍ ድፍን ጥቁር ነው። እግሩ ሮዝ ከሆነና ወፉ ገዘፍ ካለ ሄሪንግ ጋል ነው፤ እንቁላልና ጫጩት የሚሰርቅ ነውና የት እንዳያችሁት ጻፉ። ጋኔት ትልቁ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል፣ ራሱ ቢጫ ያለበት ነው። በእንግሊዝ ዋና ምድር ላይ ጋኔት መንጋ ሠርቶ የሚራባው እዚህ ብቻ ነው። ፉልማር ክንፉን ገትሮ ይንሳፈፋል፣ ምንቃሩ ላይ ቱቦ አለው። ሲቀርቡት የሚሸት ዘይት ይተፋል። ስድስተኛው ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ፓፊን ነው። እዚህ የሚራባው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ቆጠራው አስቸጋሪ ነው፤ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል።

ከቆጠራው ቀን በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ዓይን መልመድ አለበት።

የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ

ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት አይጠቅምም። አደገኛ ነው፤ ደግሞም ከሥራችሁ ያለው ግድግዳ አይታያችሁም። ጥሩው ቦታ ማዶ ነው፦ ገደሉ ወደ ባሕር ወጣ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ቆማችሁ፣ የምትቆጥሩትን ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ወፎቹ ከሚቀመጡባቸው የድንጋይ ደረጃዎች እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ቤምፕተን አጥርና መመልከቻ መድረኮች አሉት። ከአጥሩ አትለፉ። ከላይ ሣር የለበሰ አፈር ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፣ የኖራ ድንጋይ ይናዳል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትመለሱ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ዱሮ ሰዎች እዚህ ገደል በገመድ ይወርዱ ነበር። እንቁላል ለቅመው ለምግብም ለሰብሳቢዎችም ይሸጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በጀልባ እየመጡ ለመዝናኛና ለባርኔጣ ላባ ሲሉ ይተኩሱባቸው ነበር። ተኩሱ በዝቶ ወፉ ማለቅ ሲጀምር በአካባቢው ሰዎች ግፊት በ1869 የባሕር ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ በፓርላማ ወጣ፤ የእንቁላል ለቀማው ግን እስከ 1954ቱ ሕግ ድረስ ቀጥሏል። አሁን ወፎቹን ተረጋግተው ቆመው የምናያቸው ማንም ስለማይወርድባቸው ነው። ድሮን ማስነሣትም ያው ነው፤ መንጋው በድንጋጤ አንድ ላይ ሲነሣ እንቁላሉ ይንከባለላል።

የቆማችሁበትን ነጥብ በስልካችሁ ካርታ ላይ መዝግቡ፣ ፎቶም አንሡት። የሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪ እግሩን እዚያው ላይ ማሳረፍ አለበት።

ገደሉን ከፋፍሉት

አንድ ሙሉ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ለመቁጠር አትሞክሩ፤ ዓይን ይጠፋል። ወፍ በሌለበት ቀን ወይም በጥሩ ብርሃን የግድግዳውን ፎቶ አንሡ፣ በትልቁ አሳትሙ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ክፍል ክፍሉን አስምሩ። ድንበሩ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፦ ስንጥቅ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወጣ ያለ ድንጋይ። የኩስ ነጭ ምልክት ድንበር አይሆንም፤ ዝናብ ያጥበዋል። ለየክፍሉ ፊደል ስጡት። ፎቶውን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉት፣ ከባሕር የሚመጣው እርጥበት ወረቀት አይምርም።

ቀንና ሰዓት

ለጊልሞትና ለሬዘርቢል የሚቆጠርበት ጊዜ በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ 21 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 14። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ ከሰዓት በኋላ 10፣ ማለትም በፈረንጅ ሰዓት ከ8 እስከ 16። በማለዳና በማታ ወፉ በብዛት ስለሚገባና ስለሚወጣ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሰዓቱ የተገደበው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ብቻ አይበቃም። በዚሁ ሦስት ሳምንት ውስጥ የመረጣችሁትን ክፍል ቢያንስ በአምስት የተለያዩ ቀናት ቁጠሩና አማካዩን ውሰዱ። ጭጋግ፣ ከባድ ዝናብ፣ ወይም የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ ከ4 በላይ ነፋስ ካለ ቆጠራ የለም። ሻይ ጠጡና ሌላ ቀን ተመለሱ።

አሁን ቁጠሩ

8 ወይም 10 እጥፍ የሚያጎላ ባይኖኩላር፣ ራቅ ላለው ግድግዳ በሦስት እግር ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ፣ በጣት የሚጫን መቁጠሪያ፣ እርሳስ። እርሳስ ያልኩት እርጥብ ወረቀት ላይም ስለሚጽፍ ነው።

ከክፍሉ ላይኛ ጥግ ጀምሩ፣ ደረጃ በደረጃ ውረዱ። አንድ ወፍ፣ አንድ ጫን። መስመሩን እስክትጨርሱ ዓይናችሁን ከባይኖኩላሩ አትንቀሉ፤ መቁጠሪያው የተሠራው ለዚሁ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። ሁለቱ በጣም ከተለያዩ ሦስተኛ ጊዜ ቁጠሩ። "ወደ ሁለት መቶ ይሆናል" ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። በጣም ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ አሥር አሥር እያደረጋችሁ መሄድ ይቻላል፤ ግን አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በቅድሚያ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

የሚቆጠረው ነገር ከወፍ ወፍ ይለያያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ጊልሞትና ሬዘርቢል የሚቆጠሩት በነፍስ ወከፍ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን ብቻ። የሚበረውን፣ ውኃ ላይ የተኛውን ተዉት። ጊልሞት ጎጆ አይሠራም። አንዷን እንቁላል ባዶ ድንጋይ ላይ ጥሎ እግሩ ላይ አሳርፎ ያቅፋታል። እንቁላሏ አንድ ጫፏ ሹል ነው፣ ቀለሟም ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው ይለያያል፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ላዩ ላይ የቀለም ጭረትና ነጠብጣብ ያለበት፤ ወላጁ የራሱን በዚህ ይለያል። እናንተ ግን ከማዶ ሆናችሁ እንቁላሏን አታዩአትም። የምታዩት ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ ባሕሩ ያዞረ፣ ክንፉን ትንሽ ዘርገፍ ያደረገ ወፍ ነው። ስለዚህ ጎጆ ሳይሆን ወፍ እንቆጥራለን፣ ኋላ ባለሙያዎቹ ቁጥሩን በ0.67 አባዝተው የጥንዱን ብዛት ይገምታሉ። ይህን ማባዛት እናንተ አትሥሩት፤ የተቆጠረውን እንዳለ ጻፉ።

ኪቲዌክ የሚቆጠረው በጎጆ ነው። ከጭቃ፣ ከሣርና ከባሕር አረም ጎጆውን ሠርቶ መዳፍ የምታህል ደረጃ ላይ ይለጥፈዋል። እንቁላል ሊይዝ የሚችል፣ በደንብ የተሠራ ጎጆ ሆኖ ቢያንስ አንድ ትልቅ ወፍ ካለበት አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ወፍ ቢኖርም ያው አንድ ነው። ጭቃው ጀመር ጀመር ተደርጎ የቀረውን ለብቻው ጻፉ፣ ከሙሉው ጎጆ ጋር አትደምሩት።

ፉልማር ደግሞ ጠፍጣፋ፣ እንቁላል የሚያስቀምጥ ቦታ ላይ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ እንደ አንድ ቦታ ይቆጠራል። ጋኔትም በተያዘ ቦታ ነው፤ አንድ ወፍ ይኑር ሁለት፣ ጎጆው ይሙላ ይጉደል፣ አንድ ነው። የጋኔትን ጎጆ በቴሌስኮፕ ስታዩ ብዙ ጊዜ ሰማያዊና ብርቱካንማ ክር ይታያችኋል። የዓሣ አጥማጆች ገመድና መረብ ነው፤ ከባሕሩ ለቅመው ከአረሙ ጋር ይሠሩበታል፣ አንዳንዱ እግሩ ተጠልፎበት ይቀራል። ተጠልፎ ያያችሁትን ቦታ ለጠባቂው ንገሩ።

ጫጩቶቹን መከታተል

የትልልቆቹ ብዛት ብቻውን ያታልላል። የባሕር ወፍ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር ለዓመታት ጫጩት ባያሳድግም ገደሉ ሙሉ መስሎ ይቆያል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ስንት ጫጩት በረረ የሚለውን ማወቅ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ኪቲዌክ ለዚህ ይመቻል። ጎጆው አይንቀሳቀስም፣ ጫጩቱም ከጎጆው አይወጣም። ወደ 50 የሚሆኑ ጎጆዎች የሚታዩበት ግድግዳ ምረጡ፣ በፎቶው ላይ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡት። ከዚያ በየሳምንቱ እየሄዳችሁ በየቁጥሩ ፊት ጻፉ፦ ያቀፈ ይመስላል፣ እንቁላል ታየ፣ ትንሽ ጫጩት፣ መካከለኛ፣ ትልቅ፣ ባዶ። እንቁላሉ ለ27 ቀን ያህል ይታቀፋል፣ ጫጩቱ ለመብረር ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ወላጁ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ አትቸኩሉ፤ ጠብቁት፣ ክንፉን ሲያስተካክል ወይም ጓደኛው መጥቶ ሲተካው ከሥሩ ያለው ይታያል። ጫጩቱ ላባው ሞልቶ፣ ክንፉ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ሙሉ ሆኖ ካያችሁትና በሚቀጥለው ጉብኝት ጎጆው ባዶ ከሆነ፣ በርሯል ብላችሁ ያዙት። ትንሽ ሳለ ከጠፋ ሞቷል።

መጨረሻ ላይ የበረሩትን ጫጩቶች ለጎጆው ብዛት አካፍሉ። የሚገኘው ቁጥር ስለ ባሕሩ ብዙ ይናገራል። ኪቲዌክ ጫጩቱን የሚመግበው በአብዛኛው ሳንድ ኢል በሚባል ቀጭን ትንሽ ዓሣ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ጎጆዎቹ ይራቆታሉ። ባሕሩ መሞቁና ዓሣው በብዛት መጠመዱ ኪቲዌክን ክፉኛ ጎድቶታል፤ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ተመዝግቧል። በማርች 2024 ብሪታንያ በእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ክፍል ሳንድ ኢል ማጥመድን ስትከለክል፣ ከክርክሩ ጀርባ የነበረው እንዲህ በየገደሉ ለዓመታት የተጠራቀመ የወፍ መረጃ ነው። ነፋስ እየመታው ግድግዳ ሲያይ የዋለ ሰው ሥራ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ጊልሞትን ለመከታተል ጊዜው ያጥራል። ጫጩቷ ሦስት ሳምንት ሲሞላት፣ መብረር ሳትችል፣ ብዙውን ጊዜ ሲመሽ ከገደሉ ትዘላለች። አባቷ ከታች ከውኃው ላይ ሆኖ ይጠራታል። ተገናኝተው ወደ ጥልቁ ባሕር ይዋኛሉ፤ ለሳምንታት የሚመግባት እሱ ነው። ጁላይ ሲጋመስ ደረጃዎቹ ባዶ ይሆናሉ፤ ያኔ ቆጠራ ልጀምር ያለ ሰው አርፍዷል።

የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ስታዩ

አትንኩ፤ ውሻችሁንም አታስጠጉ። የወፍ ጉንፋን በ2022 እና 2023 በብሪታንያ የባሕር ወፎች ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። የሞተውን በዓይነቱና በቁጥሩ ጽፋችሁ ለጠባቂው ወይም ለመንግሥት አስታውቁ። ጋኔት ስታዩ ደግሞ ዓይኑን ልብ ብላችሁ እዩ፦ ጤነኛው ዓይኑ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጥቁር ዓይን ያለው ካጋጠማችሁ በበሽታው ተይዞ የተረፈ ሊሆን ስለሚችል መዝግቡት።

ውጤቱን ማስረከብ

ቤት ስትገቡ በዚያው ቀን በንጹሕ ገልብጡት። ቀን፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የነፋሱ ኃይል፣ የታይነቱ ሁኔታ፣ የቆማችሁበት ነጥብ፣ የክፍሉ ፊደል፣ ሁለቱም ቆጠራ። ብሪታንያ ውስጥ መረጃው የሚሰበሰበው በባሕር ወፍ ክትትል መርሐ ግብር ነው፤ ከ2022 ጀምሮ የሚያስተባብረው ቢቲኦ የተባለው የወፍ ጥናት ተቋም ነው። የምትቆጥሩበት ገደል ጥብቅ ስፍራ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጠባቂውን አነጋግሩ፤ ምናልባት ያ ግድግዳ ቆጣሪ አለው፣ ማዶው ደግሞ ሰው አጥቷል።

ቅጹን ስትሞሉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አይታችሁ ወፍ የሌለበትን ክፍል ዜሮ በሉ። ጭጋግ ሸፍኖት ወይም ሰዓት አልቆባችሁ ያልቆጠራችሁትን ክፍል ግን ባዶውን ትታችሁ ጎኑ ላይ "አልተቆጠረም" ብላችሁ ጻፉ።