መብራት የሚበላን የኤፍ ኤም ማሰራጫ ማስተካከል

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ላለ አነስተኛ ጣቢያ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር በተነሳ ቁጥር እያንዳንዱ ዋት በናፍጣ ይከፈላል። አብዛኛውን የሚበላው የማሰራጫው የመጨረሻ ማጉያ ነው።

ሳትለኩ ምንም አትንኩ። ማሰራጫውን አጥፉና በአንቴናው ፋንታ 50 ኦም ደሚ ሎድ (ኃይሉን ሳያሰራጭ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ) በዋትሜትር በኩል አገናኙ። ከዚያ አብርታችሁ የድሬኑን (የማጉያው ትራንዚስተር ዋናውን ኃይል የሚቀበልበትን እግር) ቮልቴጅና አምፒር አንብቡ። ለምሳሌ 48 ቮልት በ6.3 አምፒር ሲባዛ 302 ዋት ነው። ዋትሜትሩ 150 ካሳየ ግማሹ ሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ባለ ክንፍ ብረት) እያሞቀ ነው ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 300 ዋት የሚችል ማጉያ ድራይቩ (ወደ ማጉያው የሚገባው ሲግናል) ብቻ ተቀንሶ በ150 ሲሠራ ነው። ትራንዚስተሩ ከተሰጠው 48 ቮልት የሚጠቀመው በከፊሉ ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መቀነስ ያለበት የድሬኑ ቮልቴጅ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቁመቱ ስለማይለዋወጥ ማጉያው እስከ ጥግ ቢነዳም ድምፁ አይበላሽም። ኃይሉ በቮልቴጁ ካሬ ስለሚሄድ ለግማሽ ኃይል 48ን በ0.707 አባዙ፤ 34 ቮልት ይመጣል። አምፒሩ እዚያው 6.3 አካባቢ ይቆያል፣ የሚገባው ግን ወደ 214 ዋት ይወርዳል። በ24 ሰዓት ሥራ በቀን 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል።

በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ቮልት እየቀነሳችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ የ48 ቮልት ፓወር ሰፕላዮች በማስተካከያ ብሎናቸው እስከ 34 አይወርዱም፤ በ36 ቮልት ሰፕላይ ቀይሩት። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ፋኑና የጌቱ ባያስ (ለትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር የሚሰጠው ቋሚ ቮልቴጅ) ከዚያው መስመር እንደማይመገቡ አረጋግጡ። የሚመገቡ ከሆነ ፋኑ ይደክማል፣ ባያሱም ይዛባል፤ ለብቻቸው ሰፕላይ ስጧቸው። ኃይሉ አልበቃ ሲል ድራይቭ ጨምሮ ማስገደድ ደግሞ ጌቱን ሊበሳ ይችላል። እስከ ጥግ የተነዳ ማጉያ ሃርሞኒክ (የጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ብዜት የሆነ ትርፍ ሞገድ) ይበዛበታልና ይህን የሚያግደውን የሎው ፓስ ፊልተር በፍጹም አታልፉት፤ የ98 ሜጋኸርዝ ጣቢያ ሁለተኛ ሃርሞኒክ 196 ላይ፣ በቴሌቪዥን ባንድ ውስጥ ያርፋል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከተማዋ ብትቀዘቅዝም ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የፋኑን ማጣሪያና የሂትሲንኩን ክንፎች በየጊዜው ከአቧራ አጽዱ።

ማጉያው ተስተካክሎ ኬብሉ ከበላው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። 40 ሜትር አርጂ 213 የተባለው የአንቴና ኬብል በ100 ሜጋኸርዝ 2.7 ዲሲቤል ገደማ ያጠፋል፤ ከ150 ዋት አንቴና የሚደርሰው 80 አካባቢ ነው። ግማሽ ኢንች ፎም ኬብል ብትዘረጉ ያንኑ 80 ዋት ለማድረስ ከማሰራጫው 100 ዋት ይበቃል፤ ድሬኑም ወደ 28 ቮልት ይወርዳል። ከክረምት በፊት በአንቴናው በኩል ያለውን ኮኔክተር ፍቱት፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ከታየ ውኃ ገብቷል። ቀይሩት፣ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉት፣ ኬብሉም ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ይኑረው።