ከቦሌ እስከ ደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ)፦ የጉዞ ሰዓት ሲሰላ የሚሠሩ ስህተቶች

መነሻውን ከመድረሻው መቀነስ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ነው፤ የሚቆጠረውም በፈረንጅ ነው። በአሜሪካ ክረምት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ግን 7 ብቻ። ለምሳሌ በጃንዋሪ ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 8:00 ደለስ የሚያርፍ በረራ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ 8 ሲደመርበት 17 ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለሱ ደግሞ ይቀነሳል፦ ከደለስ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 7:30 ቦሌ ቢገባ፣ 20 ሰዓት ተኩሉ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። (ደለስ ያልነው የዋሽንግተኑን ነው፤ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር እያምታታ ትኬት የሚቆርጥ አይጠፋም።)

መሄጃና መመለሻ እኩል ይፈጃል ብሎ ማሰብ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሣ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ላይ አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ርቀቱን ለ900 ማካፈል። አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ቢባል 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ ስሌት ግን ነፋሱን፣ ማረፊያውንና መሬት ላይ የሚባክነውን ጊዜ አያውቅም።

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ መዘርጋት። መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ይጎብጣል፦ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ ከዚያ በስፔንና በፖርቱጋል አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። አውሮፕላኑ ግን ይህንንም አይከተልም። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የግድ ሆኗል።

ሌሊቱን ለየትኛው ቀን እንደሚቆጥሩ አለማወቅ። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ አውሮፕላን ያስመልጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:15» ካለ፣ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:15 ማለት ነው። ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ መገኘት አለብዎት። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ሲቀይሩ ከ00:00 እስከ 6:59 ላለው 6 ይደምሩ፣ ከ7:00 እስከ 18:59 ካለው 6 ይቀንሱ፣ ከ19:00 ጀምሮ ካለው 18 ይቀንሱ፤ 22:30 ከምሽቱ 4:30 ይሆናል። ተቀባይ ዘመድ ሲደውል ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነግሩት አስቀድመው ይስማሙ።