ኮሌትን በአነስተኛ ወጪ በቤት ቶርኖ ላይ ለመግጠም

ጎንደር ውስጥ በግቢያችሁ አነስተኛ ቶርኖ ላላችሁ ሁሉ አንድ ምክር አለኝ፤ ሙሉ የኮሌት (የሚሠራውን ዘንግ ዙሪያውን ጨብጦ የሚይዝ የተሰነጠቀ ቀለበት) ስብስብ በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። እያንዳንዱ የኢአር 32 (የኮሌት ዓይነትና መጠን መለያ) ኮሌት የሚጠበው በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነና የሚይዘውም ለመጠኑ ቅርብ የሆነውን ዘንግ ብቻ ስለሆነ፣ ዘወትር የምትሠሩባቸውን፣ ለምሳሌ የ6፣ የ8፣ የ10 እና የ12 ሚሊ ሜትር መጠኖች ይዛችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ሾጣጣ እግር ያለው የኮሌት መያዣ ለመግጠም ቀላል ቢሆንም የስፒንድሉን (የቶርኖውን የሚሽከረከር ዋና ዘንግ) ቀዳዳ ስለሚዘጋ ረጅም ዘንግ አያሳልፍም፤ ስለዚህ በፍላንጅ (ስፒንድሉ ላይ በሚገጠም ክብ ሳህን) የሚታሰረውን እመርጣለሁ፤ ፍላንጁንም እዚያው ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ ብትቆርጡት ማዕከሉን ይጠብቃል። ኮሌቱን አስቀድማችሁ አዘንብላችሁ በዳዶው ውስጥ ቀጭ እስኪል አስገቡት፤ እኔ ይህን ዘልዬ ዳዶውን ስፈታ ኮሌቱ ሾጣጣው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቶብኛል። ብረት ሳይዝ ባዶውን ፈጽሞ አታጥብቁት።