የቻይና መርፌ ስትጀምሩ ዲክሎፌናኩን ምን ታደርጉታላችሁ?

ጉልበቱን ወይ ወገቡን ሲያመው የኖረ ሰው ኪሱ ውስጥ ዲክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን አይጠፋም። አኩፓንቸር (የቻይና መርፌ) ልጀምር ሲል ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ክኒኑን ላቁም?" ብሎ ነው። ገና ነው፣ አታቁሙ። ሁለቱ አይጣሉም። የመርፌው ትልቁ ጥቅም ቀስ በቀስ ክኒኑን እንድትቀንሱ ማገዙ ነው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያችሁ። እግር የሚያደነዝዝ፣ ሽንት የሚከለክል ወይም ትኩሳት ያለው የወገብ ህመም አኩፓንቸር አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቻይናውያን ሐኪሞች አኩፓንቸር ሲሰጡ ቆይተዋል። አሜሪካ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ያላቸው ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ከፈረንጆቹ 2020 ጀምሮ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም በ90 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ይሸፍናል፣ ለውጥ ካለ 8 ይጨመራል። ለጉልበት ግን አይከፍልም። የትም ሂዱ የት፣ መርፌው እፊታችሁ ከታሸገ ማሸጊያ ሲወጣ እዩ። ካላያችሁ ተነሱና ውጡ።

በባዶ ሆድ አትሂዱ፣ አንዳንድ ሰው መርፌው ላይ ራሱን ይስታል። ክኒኑም በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ቀጠሮውንም ክኒኑንም ከምግብ በኋላ አድርጉት። ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የምትወስዱ ለባለሙያው ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፣ ደም ቶሎ ላይቆም ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ደብተር ያዙና ህመሙን በየማታው ከ0 እስከ 10 ጻፉ፣ የዋጣችሁትንም ጨምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ክኒኑን አትነካኩት፤ ሁለቱንም ባንዴ ከቀያየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም። ቁጥሩ ወርዶ ከቆየ ሐኪማችሁን አማክራችሁ በቀን ሦስቴ የነበረውን ሁለቴ አድርጉ፣ ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና። ከ6 እስከ 8 ጊዜ ተወግታችሁ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። እውነቱን ለመናገር፣ በጉልበት ህመም ጥናቶች የማስመሰያ መርፌም ከእውነተኛው ብዙ ሳይርቅ ሲያሻል ታይቷል። እኔ ግን ክኒን ያስቀነሰልኝን ነገር አልንቅም።

ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) የምትወስዱ ይህ የመቀነስ ዘዴ ለእናንተ አይሠራም፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ተወግተን ቤት ገብተን አይቡፕሮፌን ስንደርብበት ነው። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ማስታገሱ እጥፍ አይሆንም፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቡፕሮፌን በቀን ከ1200 ሚሊግራም አይለፍ። ኩላሊት፣ ልብ ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ፣ እርጉዞችም (በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ) ሳትጠይቁ አትዋጡ።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደረት አካባቢ ተወግታችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።