ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጥላውን እዩ
ደብረ ብርሃን ጓሮ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ቲማቲምና ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ቆስጣና ሰላጣ ግን ግማሽ ቀን ጥላ ቢሆንባቸውም ይሰጣሉ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ከቤቱ በስተሰሜን ያለው መደብ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሊውጠው ይችላል፣ በሰኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

ውርጩን እባካችሁ አትናቁት። አንድ ዓመት በኅዳር የቲማቲም ችግኝ ሜዳ ላይ ተከልኩ፣ ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ፣ ጠቁሮ፣ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በጣም ነው ያዘንኩት። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል። ቲማቲም የግድ ካላችሁ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ የካቲት ላይ፣ ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ትከሉት። ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመዳችሁ የሚነግራችሁን ወቅት ግን እንዳለ አትውሰዱ፤ እዛ ቆላ ነው፣ ውኃ ካለ በበጋም ቲማቲም ይበቅላል።